አውቆ የሞተ

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ግን አውቆ የሚሞት እባብ አለ። እሱን ሲቀሰቅሱት ይሰማል፤ ጉዱም የሚፈላው ያኔ ነው።

አገሩ የአህጉሩ ምሥራቅ ነው፤ ከፍሎሪዳ እስከ ካናዳዋ ኦንታሪዮ ደቡብ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ እስከ ቴክሳስ። የአፍንጫው ጫፍ ሽቅብ ስለተቀለበሰ «ሆግኖዝ» ይሉታል፤ ባለአሳማ አፍንጫ እንደማለት ነው። ስሙ ያስቅ እንጂ አፍንጫው የሥራ ዕቃ ነው፤ አሸዋውን በእሱ እየማሰ የተደበቀች ጉርጥ ያወጣል። ጉርጥን ደፍሮ የሚበላ ብዙ አይደለም። ቆዳዋ መርዝ አለው፤ ስትያዝም አየር ስባ እንደ ፊኛ ትነፋና ለመዋጥ ታስቸግራለች። እሱ ግን ከላይኛው መንጋጋ ኋላ ረዘም ያሉ ጥርሶች አሉትና ጨምድዶ ይይዛታል፤ መርዟንም ሰውነቱ ይችለዋል። ምራቁ ጉርጥን ቢያደክም ነው እንጂ ሰው አይገድልም።

ይህ ጉርጥ አሳዳጅ፣ እንግዳ ሰው ሲመጣበት ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ጀግና ይሆናል። አንገቱን እንደ ኮብራ ይዘረጋል፤ ሰውነቱን ነፍቶ በኃይል ይተነፍሳል። ዘሎም ይመታል፤ ግን አፉን ዘግቶ! እንዲህ ያለ ዛቻ ሰፈር ውስጥም የምናውቀው ነው፤ «ያዙኝ ልቀቁኝ» የሚል ሰው ሁሉ አፉን ቢከፍት ጥርስ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል።

ዛቻው ካልሠራ ይሞታል። ይንፈራገጣል፤ የሚከረፋ ነገር ይለቃል፤ በጀርባው ይገለበጣል፤ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያንጠለጥላል። ቢያነሱት እንደ ገመድ ይዝለፈለፋል። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ነገር ግን በሆዱ ገልብጠው ሲያስተኙት ሬሳው ፈጥኖ ተገልብጦ በጀርባው ይተኛል። የሞተ እባብ በጀርባው ነው የሚተኛው ብሎ ወስኗል፤ ከዚህ አቋሙ የሚያነቃንቀው የለም። ልጅ ሳለን «ተኝተሃል?» ስንባል «አዎ» ብለን እንደመለስነው ነው።

አንድ ሌላ ችግርም አለበት፤ እባብ የዓይን ቆብ የለውምና ሞቶም ያያል። ጎርደን በርግሃርት እና ሃሪ ግሪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነዋል። የፈተኑት ገና ከእንቁላል የወጡትን ነው፤ እናት አስተማረቻቸው እንዳይባል እናትየዋ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቶቹ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን ሲያያቸው ከሞት ለመነሳት ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። ያው ሰው ቆሞ ዓይኑን ወደ ሌላ ሲያዞር ግን ቶሎ ተነሱ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እባብ ፊት ሐሜት ማውራትም አይዋጥልኝም።

የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያው ትርኢቱ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ገጠር «ፓፍ አደር» ይሉታል፤ ይህ ግን በእኛም አገር የምትገኝ፣ በእውነት የምትገድል የአፍሪካ እፉኝት ስም ነው። አንገቱን ሲዘረጋ የኮብራ፣ ሲጠሩት የእፉኝት ሆነ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ሰው ምላሱን እስኪያወጣ አይጠብቀውም። ሊያስፈራራበት የተዘረጋው አንገት አካፋ ይጠራበታል። ስንቱ ውሸተኛ ሬሳ የእውነት ሬሳ የሆነው በዚህ ነው።

አካፋ ያልያዘ ሰው ቢገጥመው ግን ጨዋታው ያምራል። ጥቂት ራቅ ብሎ ፊቱን ማዞር ብቻ ይበቃል። የእባቡ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ከአሸዋው ቀና ይላል፤ ግራ ቀኝ ይቃኛል። ድንገት ዞር ብለው ካዩት ምላሱን አንጠልጥሎ እንደገና ይሞታል።