በዘመሮ ዳገት የደከመች ቮልስ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ደብረ ብርሃንን አልፈው፥ ከጣርማ በርም ወደ ግራ ታጥፈው ወደ መንዝ የገቡ እንደሆነ፥ አሮጌዋ ቮልስዎ ወደ ዘመሮ ስትቃረብ ትንፋሽ ያጥራታል። ገብሱ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ፥ እረኛው ባናውን ተከናንቦ በጎቹን ሲነዳ እያዩ፥ በሁለተኛ ማርሽ ያዘግማሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ታይሚንጉ ተዛብቷል» ብሎ ቁልፉን ይዞ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይሮጣል። እርስዎ ግን አይቸኩሉ። የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነውና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ኃይሉም ያንሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን ለቆላ እንደተሰፈረለት ያህል ይለቃል። ጭሱ የሚጠቁረው፥ ካንዴላውም ጥላሸት የሚለብሰው ስለዚህ ነው። ይህን ዲስትሪቢዩተር ማዞር አያድነውም። (ቮልስ በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች፥ በመንዝ ብርድ ራዲያተሩ ውሃ ይረጋብኛል ብለው ግን አይሠጉም።)

እንግዲህ የአየሩን ድርሻ ከታይሚንጉ ድርሻ እንዴት ይለያሉ? ድካሙ ከዳገቱ ጋር ቀስ በቀስ መጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚለቅ ከሆነ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ሜዳው ላይም የምትደክም፥ ሞተሩ የሚግል፥ ማርሚታው ውስጥም የሚፈነዳ ከሆነ፥ እሳቱ ዘግይቷል። ዳገት ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ፥ ሲያስነሡትም ወደ ኋላ የሚመታ ከሆነ፥ እሳቱ ቸኩሏል።

የመዘግየት ዋናው ምክንያት ፑንቲናው ነው። ይህች የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የምትቆርጥ ትንሽ መክፈቻ ናት፤ ተረከዟ በልቶ ሲያልቅ ክፍተቷ ይጠብባል፥ እሳቱም ይዘገያል። ስለዚህ አስቀድመው ክፍተቷን 0.4 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ ታይሚንጉን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ከዚያም ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የፑሌጃውን ምልክት በሞተሩ አካል መጋጠሚያ ላይ ያውሉት፤ የዲስትሪቢዩተሩም አዟሪ በጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት ይመልከት። በቦቢናውና በዲስትሪቢዩተሩ መካከል ካለው ሽቦ አንድ አምፖል ወደ ሞተሩ ብረት ያገናኙ፤ ባለ 6 ቮልት የሆነች እንደሆነ የ6 አምፖል፥ ባለ 12 የሆነች እንደሆነ የ12። ቁልፉን ከፍተው ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት አምፖሉ ይጠፋል፤ ቀስ ብለው ወደ ግራ ሲመልሱት በበራበት ቅጽበት ያጥብቁ።

በስስ አየር ሞተር በቀላሉ አይንኳኳምና፥ በደጋ የሚኖር ሰው እሳቱን ጥቂት ቢያስቀድም ይጠቅመዋል። ነገር ግን በዚያው ታይሚንግ በደብረ ሲና አድርገው ሸዋ ሮቢት የወረዱ እንደሆነ፥ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ፥ አየሩም ወፍራምና ሙቅ ነው። ጭነት ይዞ እየተንኳኳ የሚሄድ ፒስቶን ደግሞ ይበሳል። ስለዚህ መውረድዎ ከሆነ ደብረ ሲና ቆመው ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ምልክቱ ይመልሱት፤ ሻይ እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ሥራ ነው።