መስኮት በካሬ ስንት ነው?

 

ሰሞኑን «ቲቸር፣ ወልቂጤ ላይ መስኮት በካሬ ስንት ገባ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መስቀል እየመጣ ነው። የኛ ሰው አዲስ አበባም ይሁን ሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይከርምና ነሐሴ ሲገባ የወላጆቹ ቤት ትዝ ይለዋል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ለአረፋ ሲገቡ እንደዚሁ ነው። ቀለሙ ይቀባል፣ በሩ ይታደሳል፣ መስኮቱ ይቀየራል። እኛም ዘንድሮ ወልቂጤ ያለውን የእናታችንን ቤት መስኮት ልንቀይር ተነስተን አንድ ወር ሙሉ ስንከራከር ከረምን። ከዚያ ክርክር የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ዋጋ ግን አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው እናንተ ሱቅ እስክትደርሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ዋጋውን የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ነገር ካወቃችሁ ግን የትም ሄዳችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የማናዝበትን ጉዳይ እንጨርስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ይሄ ከእናቴ መስኮት ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። ላሜራውና ቱቦላሬው እዚሁ አገር ቢታጠፍም ጥሬ ብረቱ በጂቡቲ በኩል የሚመጣ ነው። መስታወቱም፣ አሉሚኒየሙም፣ የብየዳው ኤሌክትሮድም ብዙው ያው ነው። ከዚያ መርካቶ፣ ከመርካቶ ደግሞ በአይሱዙ ወደኛ። ቡታጅራ ስጠይቅና ወልቂጤ ስጠይቅ የሰማሁት ዋጋ ብዙም ያልተራራቀው ለዚህ ይመስለኛል። ሁለቱም ከተሞች የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው። በደረሰኝ ስትገዙ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። «ይሄ ዋጋ ከቫት ጋር ነው ያለ ቫት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ሁለት ሱቅ አታወዳድሩ።

አሁን ወደምናዝበት እንምጣ።

«በካሬ ስንት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያሳስታል። ተማሪዎቼ፣ ስፋትና ዙሪያ የተማራችሁትን አስታውሱ። መስታወት የሚለካው በስፋት ነው፤ ብረት ግን የሚሄደው በዙሪያ ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ አንድ መስኮት ስፋቱ 1.08 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 4 ሜትር ከ20። አሁን ይሄንኑ ብርሃን በሁለት ትናንሽ መስኮቶች እናስገባ ብንልና እያንዳንዳቸውን 60 በ90 ብናደርጋቸው፣ ስፋቱ ያው 1.08 ካሬ ነው። ዙሪያው ግን 6 ሜትር ይሆናል። ብርሃኑ ሳይጨምር 1 ሜትር ከ80 ብረት ጨመረ ማለት ነው። ማጠፊያው፣ መቀርቀሪያውና የብየዳው ነጥብም እንዲሁ ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ መስኮት በካሬ ሲሰላ ውድ ቢሆን ሠራተኛው ሌባ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

ሁለተኛው የሚከፈተው ነው። ያንኑ 90 በ1 ሜትር ከ20 መሐሉን በቋሚ ከፍለን ሁለቱም ጎን ይከፈት ካልን፣ እያንዳንዱ ተከፋች የራሱ ፍሬም ያስፈልገዋል፤ 45 በ1 ሜትር ከ20፣ ዙሪያው 3 ሜትር ከ30። ሁለቱ 6 ሜትር ከ60። ከውጪው ፍሬም ይበልጣል እኮ! አንዱ ጎን ብቻ ይከፈትና ሌላው ድፍን መስታወት ይሁን ካላችሁ 3 ሜትር ከ30 ብረት ተረፋችሁ። በሺህ የሚቆጠር ብር እንዲህ ባለች አንዲት ውሳኔ ውስጥ ተደብቃለች።

ሦስተኛው ቤርጋ ነው። ብረት የሚሸጠው በ6 ሜትር ቤርጋ ነው። 4 ሜትር ከ20 ቆርጣችሁ የተረፈችው 1 ሜትር ከ80 ለመሐል ቋሚው ከበቃች ተጠቀማችሁ። ልኩን ሳታስቡ ከሰጣችሁ ግን የተረፈው ብጣሽ ብየዳ ቤቱ ጥግ ይቀራል፤ ሒሳቡን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ልክ ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ሳንቲ መቀነስ ወይ መጨመር አንድ ሙሉ ቤርጋ ሊያድን ይችላል።

አራተኛው ውፍረት ነው፤ ብዙ ሰው የሚበላውም እዚህ ጋ ነው። ወልቂጤ ብየዳ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ አለ። አንድ ሱቅ ውስጥ «1.5 ነው» የተባለ ቱቦላሬ በእጁ መዘነና በጆሮዬ «ቲቸር፣ ይሄን አይግዙ፤ ይሄ 1.5 አይደለም» አለኝ። እንዴት አወቅህ? ስለው ሳቀ። የእሱ እጅ ሚዛን ነው፤ የኛ እጅ ግን ቾክ ነው የለመደው። ስለዚህ ሒሳቡን ልንገራችሁ። አንድ ካሬ ብረት በ1 ሚሊ ውፍረት 7 ኪሎ ከ850 ግራም ይመዝናል። 40 በ20 ቱቦላሬ ተዘርግቶ ቢታይ ወርዱ 12 ሳንቲ ነው። ስለዚህ 6 ሜትሩ በ1.5 ሚሊ ወደ 8 ኪሎ ተኩል፣ በ1.2 ሚሊ ደግሞ ወደ 6 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል። ማዕዘኑ ዞር ያለ ስለሆነ በጣም በትንሹ ሊያንስ ይችላል። በዓይን የማይታየው ልዩነት ሚዛን ላይ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ነው። ጎረቤት እህል ቤት ሚዛን አይጠፋም። ቀጭን ብረት መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ የቀጭኑን በወፍራሙ ዋጋ መግዛት ነው ሞኝነቱ።

መስታወትም እንደዚሁ ነው። 3 ሚሊ፣ 4 ሚሊ፣ 5 ሚሊ አለ። አንድ ካሬ መስታወት በየሚሊው 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ባለ 4 ሚሊው አንድ ካሬ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ወፍራም መስታወት ከመረጣችሁ ማጠፊያውም ፍሬሙም ያንን መሸከም አለበት። ለትንሽ መስኮት ወፍራም መስታወት ማስገባት ለጫጩት የበሬ ቀንበር እንደመጫን ነው።

አምስተኛው ግድግዳው ነው። የእናታችን ቤት ጭቃ ነው፤ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ጭቃ ቤት በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ክፍተቱም ቀጥ ያለ አይሆንም። 90 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ ክፍተት ሰያፉ በትክክል 1 ሜትር ከ50 መሆን አለበት። 3፣ 4፣ 5ን አስታወሳችሁ? «ይሄ ለኑሮ ምን ይጠቅማል?» ያላችሁኝ ልጆች፣ ይኸው! እኔ ስለካው አንዱ ሰያፍ 1.50፣ ሌላው 1.46 ሆነ። ክፍተቱ ተጣሟል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ወይ ግድግዳው ይስተካከላል፣ ወይ ፍሬሙ በትንሹ ልክ ይሠራና ዙሪያው ይሞላል። በግድ ከተጠቀጠቀ ግን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው መስታወቱ ነው። ወርዱንም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩና ትንሹን ያዙ።

አሮጌው መስኮት ሲነቀል ደግሞ ልስኑ አብሮ ይወርዳል። ከዚያ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ግንበኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ቀለም ይመጣል። አንድ ብየዳ ቤት ከሌሎቹ በጣም የወረደ ዋጋ ነግሮን ደስ ብሎን ነበር። ስናጣራ ግሪሉ የለበትም፣ መስታወቱ የለበትም፣ መግጠሙም የለበትም። ባዶ ፍሬም ነው! ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ብረቱ ስንት ሚሊ፣ መስታወቱ ስንት ሚሊ፣ ግሪል፣ ማጠፊያ፣ አንቲረስት፣ ቀለም፣ ማጓጓዣ፣ አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መግጠም፣ ልስን። ለሦስት ሰው ያንኑ ወረቀት ሰጠሁ። ዋጋዎቹ ወዲያው ተቀራረቡ።

ስድስተኛው ጊዜው ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ጥሩ ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንዲደርስለት ይፈልጋል፤ የእጅ ዋጋ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብየዳው ይቆማል። ልስኑም በክረምት ቶሎ አይደርቅም። የማይቸኩል ሰው በጥቅምትና በኅዳር ቢያሠራ ይሻለዋል። ቀብድ ከከፈላችሁ ደግሞ ብረቱ በዚያው ቀን ይገዛ፤ ቀብድ ይዞ የሚቀመጥ ሰውና የሚሮጥ ዋጋ አይገናኙም።

አሁን የቤታችንን ክርክር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ሦስቱም መስኮቶች ስላይዲንግ አሉሚኒየም፣ መስታወቱም ከውጭ የማያሳይ ይሁን አለ። ገንዘቡንም አብዛኛውን ከዕቁቡ የሚያወጣው እሱ ነው፤ እኔ የመምህር ደመወዝ ይዤ ምን አፍ አለኝ? ደግሞም ክፉ አላሰበም። መስቀል ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ የእናቱ ቤት ከጎረቤት ቤት እንዳያንስ ነው። እኛ ጋ የእናት ቤት መስኮት የልጆቿ ስም ነው።

ግን ማንም እናታችንን አልጠየቃትም ነበር። «እማ፣ አንቺ ምን ዓይነት መስኮት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ብዙም አላሰበችም። «ጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ፣ ማታ ቢንቢ የማያስገባ» አለችኝ።

እናቴ ያደገችው ጀፎሮ ዳር ባለ ሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እዚያ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነበር። ለእሷ መስኮት ጌጥ አይደለም። ወልቂጤ ደግሞ ወባ እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ ወጣ ሲል ነው የሚብሰው። በዚያ ላይ ቡናዋን ቤት ውስጥ በከሰል ነው የምታፈላው። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ መስኮት የሚከፈት መሆን አለበት።

ይሄን ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ስላይዲንግ መስኮት ቢበዛ ግማሹ ነው የሚከፈተው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይሄዳልና። ወደ ውጭ የሚከፈተው ግን ጎኑ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ከውስጥ ደግሞ ወንፊት ይታሰርበታል። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ «እሷ ያለችው ይሁን» አለ። ነጋዴ ሲያምን እንደሱ ነው፤ ሁለት ቃል አይናገርም።

ሦስቱንም አልቀየርንም። የመኝታ ቤቷ ላሜራ መስኮት በዝገት ስለተበላ በብረትና በመስታወት ተቀየረ፤ አንዱ ጎን ድፍን፣ አንዱ ተከፋች፣ ከነግሪሉና ከነወንፊቱ። የሳሎኑ ሁለቱ ግን ፍሬማቸው ጤነኛ ነበር። ዝገቱ ተፋቀ፣ አንቲረስት ተቀባ፣ የደረቀው ስቱኮ ወጥቶ አዲስ ገባ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ተተካ፣ ማጠፊያቸው ተቀየረ፣ ወንፊት ታሰረላቸው። ከአዲስ ጋር ሲተያይ ወጪው ትንሽ ነው።

የተረፈውን ምን አደረግነው? አሸንዳ ገዛንበት። የመኝታ ቤቱን መስኮት ማን አበላሸው ብለን ስናይ እኮ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በዚያ በኩል አሸንዳ የለም፣ የጣሪያው ውሃ መሬት ላይ እየተፈናጠረና በግድግዳው እየወረደ በየክረምቱ ሲያጥበው ኖሯል። አሸንዳውን ሳንሠራ ወርቅ መስኮት ብናስገባ እንኳ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው ነበርን። በሽታውን ትቶ ልብስ መቀየር ማለት ነው።

እንግዲህ «በካሬ ስንት ነው?» ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አሮጌውን ምን እንዳበላሸው እዩ። የትኛው መቀየር፣ የትኛው መጠገን እንዳለበት ለዩ። ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ከዚያ ሜትር ያዙና ሰያፉን ለኩ።

ብየዳና አናጢነት የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የተሳሳተ ነገር ካለ ከሥር አርሙኝ፤ እዚህ ጋ መምህሮቹ እናንተ ናችሁ። ለወላጆቻችሁ ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ደግሞ ለሚመለከተው ወንድም እህት ሼር አድርጉለት፤ መስቀል ሳይደርስ ይነጋገሩበት።

በሰላም ያድርሰን!