ስልካችን ሲጠፋ ድምፃችን አብሮ እንዳይጠፋ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ፕሮሰስም አልጽፍም። ስለ ሙዚቃ ማጫወቻ ነው የምጽፈው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ የእናታችሁን ድምፅ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ።

እዚህ ካኩማ አብዛኛው ቤተሰብ ያለው አንድ ስልክ ነው። እሱው ባንክ፣ እሱው ፖስታ ቤት፣ እሱው የልጆች መማሪያ ነው። ችግር ሲጠና መጀመሪያ የሚሸጠውም እሱ ነው። ስልኩ ሲሸጥ፣ ሲሰረቅ ወይም በዚህ ሙቀትና አቧራ ሲሞት ውስጡ ያለው ድምፅ አብሮ ይሄዳል።

አንዲት ጎረቤቴ እናቷ ከአገር ቤት በዋትስአፕ የላኩላት ምርቃት ነበራት። እናትየው አረፉ። መርዶው የደረሳት እዚሁ ነው፤ ለቅሶውን አብረን ተቀመጥን። ወር ሳይሞላ የስልኩ ስክሪን ተሰበረ። ይዛው መጥታ «መምህር፣ ስልኩስ ይቅር፤ ድምፁን ብቻ አውጣልኝ» አለችኝ። ስልክ ሠሪው ለጊዜው ሌላ ስክሪን ገጠመልንና 23 መልእክት አወጣን። አሁን ማታ ማታ ልጆቿን ይዛ በትንሽ ማጫወቻ ታዳምጣቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ማጫወቻ ስትገዙ ውበቱን ተዉትና እነዚህን እዩ።

1. ባትሪው የሚወጣ ይሁን። የድሮ ኖኪያ ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲ የሚባለውን የሚወስድ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ማጫወቻው አይጣልም።

2. በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ የሚደረግ ይሁን። ያኔ ከትንሽ ሶላርም ይሞላል።

3. ካርድ የሚቀበል ይሁን። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት እስከ 32 ጊጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ። በላዩ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት በእጅጉ የረከሰ ካርድ ካያችሁ ጠርጥሩ። እስኪሞላ ፋይል ጫኑበትና መጨረሻ የገቡትን አጫውቱ። የማይጫወቱ ከሆነ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው።

4. የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ሻጩ ፊት ሞክሩት። አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት ያለ ማዳመጫ ሰላም የለም።

አሁን ወደ ፋይሉ። የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት «ኦፐስ» በሚባል ዓይነት ነው የሚቀመጠው። ርካሽ ማጫወቻ ይህን አያውቀውም፤ ካርዱ ውስጥ እያለም «ፋይል የለም» ሊላችሁ ይችላል። ካርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ወደ ኤምፒስሪ ቀይሩት። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀይረዋል፤ «ኮንቨርት» የሚለውን መርጣችሁ ኤምፒስሪ ማለት ብቻ ነው። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ትንሽ ሂሳብ ታገሱኝ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋ ያህል ይበላል። ያው ደቂቃ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሲሆን ወደ 1 ሜጋ ይወርዳል። ለሰው ንግግር 64 ኪሎቢት፣ ሞኖ ይበቃል፤ እሱ ግማሽ ሜጋ አይሞላም። በዚህ ስሌት ባለ 32 ጊጋ ካርድ ከ1000 ሰዓት በላይ ንግግር ይይዛል። ለመዝሙር፣ ለነሺዳና ለዘፈን ግን 128 ወይም 192 አድርጉት።

ኤምፒስሪ የሚያሳንሰው ጆሮ ብዙም የማይለየውን እየጣለ ነው። የጣለውን መልሶ አያመጣም። በ64 የተቀየረን ፋይል ወደ 320 ከፍ ማድረግ በቀጠነ ወጥ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው፤ ፋይሉ ይበዛል እንጂ ድምፁ አይጠራም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ምንጊዜም አትሰርዙ።

ካሴት ያላችሁም አላችሁ። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ሱዳንና አረብ አገር ለሄዱ ልጆቻቸው ወላጆች ካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። ያንን ለማውጣት ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ በገመድ አገናኙና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቅዱት። የቴፑን ሄድ አስቀድማችሁ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ፤ ድምፁንም መካከለኛ አድርጉት፤ ከበዛ ይሰነጠቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ቡና አፍልታችሁ አብራችሁ አዳምጡት።

ርካሹ ማጫወቻ የአማርኛ ፊደል ላያነብ ይችላል። ፋይሎቹን 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ስጡና ዝርዝሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ማጫወቻ የይለፍ ቃል የለውም፤ ካርዱን ያገኘ ሁሉ ይሰማዋል። በስደት መንገድ ላይ ኪስና ቦርሳ እንደሚፈተሽ ለናንተ አይነገርም። አገር ቤት ያለን ሰው ችግር ውስጥ የሚከት ንግግር ካለ ካርዱ ላይ አትጫኑት፤ የሰው ስምም አትጻፉበት። የቀረውን ደግሞ አንድ ኮፒ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

ስለ ተማሪዎቼም ላንሳ። አዲስ የመጡት ልጆች ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ያመለጣቸውን ማታ በአማርኛ እቀዳላቸዋለሁ። ዓይኑ የማያይ አንድ ተማሪዬ ትምህርቱን በሙሉ በጆሮው ነው የሚይዘው፤ የኒውተንን ሕጎች ከነምሳሌያቸው ከሁሉም ቀድሞ የመለሰልኝ እሱ ነው። ለእሱ ማጫወቻው መጽሐፉ ነው። ውጭ ያላችሁ ወገኖች ልብስና ጫማ ስትልኩ እንዲህ ዓይነት ማጫወቻ አብራችሁ አስቡ። ትንሽ ነው፤ ሻንጣም አያከብድም።

ካኩማ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ካርድና ፋይል ይዛችሁ ኑ፤ ክፍያ የለውም። ካሴት ያለው ቀድሞ ይንገረኝ፤ ቴፕ መዋስ አለብኝ። ሌላ ካምፕ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ለሚቀይርላችሁ ልጅ አሳዩት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና «እስቲ መርቁኝ» ብላችሁ አስቀዷቸው።

ቸር ያሰማን።