ፔንሲልቬንያ ጎዳና፣ ቁጥር 1350

በፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ቁጥር 1600ን የማያውቅ የለም፤ ዋይት ሐውስ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ቁጥር 1350 ላይ የቆመውን ነጭ የእብነ በረድ ሕንጻ ግን ጎብኚው ዞር ብሎም አያየው። ዛሬ ጠዋት ከፊቱ ቆሜ ሳለሁ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት አቅጣጫ ሲተም ነበር። ሕንጻው በ1908 የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ የጆን ዊልሰን ሕንጻ ይባላል፤ የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ቢሮ ነው። ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው የኮንግረሱ ጉልላት ወለል ብሎ ይታየዋል። በምዕራብ በኩል የግምጃ ቤቱ ሕንጻ ባይጋርደው ኖሮ ዋይት ሐውስም በታየ። ከንቲባው በሁለቱ መካከል ነው የተቀመጠው፤ የሁለት መቶ ዓመት ታሪኩም ከዚሁ አቀማመጥ ብዙ ፈቀቅ አይልም።

በሕንጻው ደጃፍ ሁለት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። ከሁለቱ አሮጌው አሌክሳንደር ሼፐርድ ነው። ከተማው «ቦስ» ይለው ነበር። ሼፐርድ የቧንቧ ሥራ ነጋዴ ነበር፤ በ1871 ኮንግረስ ለከተማው አዲስ አስተዳደር ሲያቋቁም የሕዝብ ሥራዎች ቦርዱን በእጁ አስገባ፣ በ1873 ደግሞ ገዥ ተባለ። በአጭር ጊዜ ውስጥ የሠራው ሥራ ያስገርማል። ጭቃ የነበረውን መንገድ አስነጠፈ፣ የፍሳሽ ቱቦ አስቀበረ፣ ወደ 60 ሺህ ዛፍ አስተከለ፤ መሐል ከተማውን ሲያገማ የኖረውን ቦይ አስደፈነ፤ ዛሬ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና የሚባለው በዚያው ላይ ነው የሚያልፈው። በ1872 ደግሞ ከመንገዱ ላይ አልነሣ ያለውን አንድ ትልቅ ገበያ በሌሊት አስፈረሰው፤ በፍርስራሹ ሁለት ሰው ሞተ። ባለሱቆቹ የእግድ ትእዛዝ እንዳያወጡ ዳኛውን በዚያው ምሽት ጋብዞ ከከተማ አርቆት ነበር ይባላል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህን ታሪክ ማብራራት አያስፈልግም።

ሼፐርድ መንገዱን ሲያስነጥፍ ሂሳቡን አልያዘም። ኮንግረስ የወሰነው የ10 ሚሊዮን ዶላር የዕዳ ጣሪያ ታልፎ ከተማው ከሰረ፤ ሰውየውም ወደ ሜክሲኮ የብር ማዕድን ፍለጋ ሄደ። ሐውልቱ የቆመለት በ1909 ነው፤ በ1979 ተነቅሎ ከከተማው ዳር፣ ከፍሳሽ ማጣሪያው አካባቢ ተጣለ። ቱቦውን ላስቀበረ ሰው ቦታው የሚገባው ነው ብሎ ያሰበ ቀልደኛ ሳይኖር አልቀረም። በ2005 ወደ ደጃፉ መለሱት።

ከሼፐርድ በፊት ግን ከተማው ከንቲባ ነበረው። የመጀመሪያውን፣ ሮበርት ብሬንትን፣ በ1802 የሾመው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ነው። ከ1812 ጀምሮ ምክር ቤቱ፣ ከ1820 ጀምሮ ደግሞ መራጩ ሕዝብ ይመርጠው ጀመር። ሕዝብ ማለት ያን ጊዜ ነጭ ወንድ ማለት ነበር። በ1867 መጀመሪያ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን እምቢታ ሽሮ ለከተማው ጥቁር ወንዶች የምርጫ ድምፅ ሰጠ፤ በማግስቱ ዓመት ሴይልስ ቦወን በእነሱ ድምፅ ከንቲባ ሆነ። በ1871 የከንቲባው ወንበር ተሻረ። በ1874 ምርጫው ራሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከተማውን ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች አስተዳደሩት፤ አንዱ የግድ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ መሆን ነበረበት። የመዝገቡ ሰበብ የሼፐርድ ኪሳራ ነው። እኔ ግን ጥቁሮች ድምፅ ባገኙ በሰባተኛው ዓመት የሁሉም ሰው ድምፅ መወሰዱን በአጋጣሚ ማለፍ አይሆንልኝም። የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙዎቹ አያልፉትም።

ይህ አሠራር እስከ 1967 ዘለቀ። በመካከሉ ከተማው የእውነት ጌታ ያገኘው ከኮንግረስ ኮሚቴ ነበር። ጆን ማክሚላን የሚባሉ የሳውዝ ካሮላይና ተወካይ የዲሲን ጉዳይ የሚያየውን የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ለረጅም ዓመታት መርተዋል፤ ከከተማው ነዋሪ አንድም ሰው አልመረጣቸውም፣ ሊያወርዳቸውም አይችልም ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1967 ዋልተር ዋሽንግተን የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊ የከተማው ኃላፊ አድርገው ሾሙ። ዋልተር የመጀመሪያ በጀታቸውን ለኮሚቴው ሲልኩ ከማክሚላን የመጣላቸው መልስ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሐብሐብ ነበር። እዚህ አገር ሐብሐብ ጥቁሮችን መስደቢያ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ከተማው ነደደ። 14ኛ፣ 7ኛና ኤች ጎዳናዎች ላይ ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የኤፍ ቢ አይ አለቃ ኤድጋር ሁቨር ዘራፊው ይተኮስበት ማለታቸውን፣ ዋልተር ደግሞ እምቢ ማለታቸውን ከተማው እስካሁን ያወሳል። ሕንጻ ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም ነው ሐሳባቸው።

ማክሚላንን የጣላቸው የራሳቸው ወረዳ መራጭ ነው። በ1972 የዲሲ ጥቁር መሪዎች ሳውዝ ካሮላይና ድረስ ወርደው ቀሰቀሱባቸው፤ ወንበሩን አጡ። በዓመቱ፣ በገና ዋዜማ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የራስ አስተዳደር ሕጉን ፈረሙ። በ1974 ነዋሪው ከመቶ ዓመት በኋላ ከንቲባ መረጠ፤ ዋልተር ዋሽንግተን ጃንዋሪ 2 ቀን 1975 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ታዲያ ያ ሕግ ምን ሰጠ? ብዙ ሰጠ። ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ገዥ የላትም፤ ሌላ ቦታ ገዥው የሚሠራውንም እዚህ ከንቲባው ይሠራል። ቆሻሻው፣ በረዶ ጠረጋው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ፖሊሱ፣ ከ2007 ወዲህም ትምህርት ቤቶቹ በሱ ሥር ናቸው። ዳኞቹን ግን ፕሬዚዳንቱ ነው የሚሾመው። ብሔራዊ ዘቡን የሚያዝዘውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ኮንግረስ ፊት ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል፣ በጀቱም እዚያው ያልፋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከንቲባው መኖሪያ እንኳ የመንግሥት ቤት የለውም፤ ማታ ሰፈሩ ይገባል።

ከሁሉ የከበደው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ አጭር አንቀጽ ነው። ከተማው እዚህ ሠርቶ ሌላ ቦታ የሚያድርን ሰው ገቢ ግብር ማስከፈል አይችልም። በከተማው ውስጥ ከሚሠራው ብዙው ማታ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው የሚመለሰው። የቤት ኪራይ ከዩ ጎዳና ገፍቷቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የገቡት ወገኖቻችንም ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። መንገዱን ይጠቀማሉ፤ ግብሩን የሚወስደው ሌላ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ዩ ጎዳና ወጣሁ። 14ኛውና ዩ የሚገናኙበት ላይ ያለው ትልቅ የመንግሥት ሕንጻ የማሪዮን ባሪ እጅ ነው፤ በ1968 የተቃጠለው ሰፈር ባዶ ሆኖ እንዳይቀር በ1986 አስገነቡት። በከንቲባው ቢሮ ደጃፍ ያለው ሁለተኛው ሐውልት የሳቸው ነው፤ በ2018 የቆመ። ባሪ በ1977 የምክር ቤት አባል ሳሉ ታጣቂዎች የከንቲባውን ሕንጻ ሲወርሩ ከልባቸው አጠገብ በጥይት ተመተው ተርፈዋል። በ1979 ከንቲባ ሆኑ። ለከተማው ወጣት ሁሉ የክረምት ሥራ ፕሮግራም አቋቋሙ፤ አንድ ትውልድ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለው በሳቸው ነው። በ1990 ሆቴል ክፍል ውስጥ ኮኬይን ሲያጨሱ ኤፍ ቢ አይ በድብቅ ካሜራ ቀርጾ ያዛቸው፤ ስድስት ወር ታሰሩ። በ1994 ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው።

ውጪ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ነገር ግን የማይመርጣቸው ሰዎች ለመቶ ዓመት የገዙትን ሕዝብ፣ የመረጠውን ሰው ሌላ ሲያስረው ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ኮንግረስም አልተኛም፤ በ1995 ጉድለቱ ከ700 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ የፋይናንስ ቁጥጥር ቦርድ አቋቋመባቸው፣ ሥልጣናቸውን አብዛኛውን ወሰደ። ቀጣዩ ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ የሂሳብ ሰው ነበሩ፤ ካዝናውን አስተካከሉ። እሳቸውም በ2002 የድጋፍ ፊርማዎቹ ውስጥ የተጭበረበረ በዝቶ ስማቸው ከምርጫ ወረቀቱ ወጣ፤ መራጩ ስማቸውን በእጁ እየጻፈ አሸነፉ።

9ኛ ጎዳና ላይ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በሚበልጥበት፣ ቡና ጠጣሁ። የከተማው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አማርኛን የሚናገሩ ነዋሪዎችንም ይሸፍናል፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተቆለለው የከንቲባው መሥሪያ ቤት በራሪ ወረቀት «ለነዋሪዎች» ብሎ ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ጸጉራቸው ገብስማ ነው።

«ጋሼ፣ ከንቲባ ለእርስዎ ምኑ ነው?» አልኳቸው።

«ሜትሬ ነው» አሉኝ ሳይስቁ። «ድሮ ዞን ነበር። ካርታው ከኋላ መቀመጫ ላይ ይሰቀላል፤ መስመር በተሻገርክ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። መሐሉ ዞን ኮንግረስን፣ ዋይት ሐውስን፣ ሆቴሎቹን ሁሉ ያቅፋል። የእነሱ ሰዎች ቅርብ ለቅርብ በርካሽ ይሄዱበታል።»

ነገሩ ሐሜት ብቻ አይደለም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ኮንግረስ በከተማው በጀት ላይ ክልከላ እያንጠለጠለ በታክሲ ላይ ዋጋ ቆጣሪ ሜትር እንዳይገባ ሲያግድ ኖሯል። በመጨረሻ ሴናተር ካርል ሌቪን የተቃራኒውን አንቀጽ አስገቡ፤ ከንቲባው እምቢ ካላለ ሜትር ይግባ የሚል። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 ዞኑን አስቀሩ፣ በ2008 ሜትር ገባ። ነጂዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ።

«እኔም አቁሜያለሁ» አሉኝ። «ቀን ሙሉ መንገድ የሚዘጋጋበት ከተማ ነው፤ ሜትር ያከስረናል ብለን ነው። ኋላ ለመድነው። ፌንቲን ግን በ2010 አልመረጥኩትም። ሦስት ልጆቼንም አላስመረጥኩም።» ፌንቲ በዚያ ዓመት በቪንሰንት ግሬይ ተሸነፉ።

ማምሻውን 16ኛ ጎዳናን ይዤ ወደ ዋይት ሐውስ ወረድኩ። በ2020 ጁን፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር እሰጥ አገባ ውስጥ ሳሉ፣ ከንቲባ ሚዩሪየል ባውዘር የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው የሚለውን መፈክር በቢጫ ቀለም አስፋልቱ ላይ ዳር እስከ ዳር ያስጻፉት እዚህ ነው። አሁን ተራ አስፋልት ነው። ኮንግረስ ውስጥ ገንዘብ የሚያስቀር ረቂቅ ሲቀርብ ባውዘር በ2025 ማርች ራሳቸው አስነሡት። በዚያው ወር ጊዜያዊው የፌዴራል በጀት ከተማው ራሱ የሰበሰበውን ገንዘብ ጭምር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳይጠቀም አሠረበት። ኦገስት 11 ቀን ደግሞ ትራምፕ በራስ አስተዳደር ሕጉ አንቀጽ 740 ፖሊሱን ለ30 ቀን በእጃቸው አደረጉ፤ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ባውዘርን ለስላሳ ናቸው የሚሉ አሉ። ሥልጣኑን የሰጠው ወገን መልሶ ሊወስደው ሲችል፣ ሌላ ከንቲባ ምን የተለየ ነገር ያደርግ እንደነበር ግን እነዚሁ ሰዎች አይናገሩም።

ወደ ቤት የመለሱኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ሜትሩ ሲቆጥር ስለ አዲስ አበባ ጠየቁኝ፤ ሁለቱ ከተሞች ከ2013 ጀምሮ እህትማማቾች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የአዲስ አበባ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑን፣ ከንቲባውን ነዋሪው በቀጥታ ሳይሆን ምክር ቤቱ እንደሚመርጠው ነገርኳቸው።

«ፓርላማስ?» አሉ። «እኛ እዚህ ወደ 700 ሺህ እንጠጋለን፤ ኮንግረስ የላክናት ሴትዮ ድምፅ መስጠት አትችልም።»

«አዲስ አበባ 23 ወንበር አላት።»

በመስተዋቱ አዩኝ። «ሃያ ሦስት! የሚሰጡትስ ድምፅ ለከተማዋ ነው ለፓርቲው?»

«ለፓርቲው» አልኳቸው።

«ያው ነው በለኛ» ብለው ሜትሩን አጠፉት፤ ሒሳብ አልቀበልም አሉ፤ በግድ ከፈልኩ።