«የፈለጉት ገጽ አልተገኘም»

የከተማችን ስም ስንት ነው? ሽማግሌው «ሚዛን ተፈሪ» ይላል፣ ደብዳቤው «ሚዛን አማን» ይላል። ዞኑ ድሮ ቤንች ማጂ ነበር፤ ዛሬ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኗል። ክልሉማ አይወራም! በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ከደቡብ ወጥተን ደቡብ ምዕራብ ተባልን፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ ነባሩ ደቡብ ክልል ራሱ ፈረሰ።

ሰው በዚህ አይቸገርም። መናኸሪያ ሄዳችሁ «ሚዛን» ካላችሁ ረዳቱ ያደርሳችኋል። የሚቸገረው ኢንተርኔት ነው። መሥሪያ ቤት ስም ሲቀይር ድረ ገጹንም ይቀይራል፤ የድሮው ሊንክ የትም አያደርስም።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ስለ ቴፒ ቡና ልትጽፍ የመመረቂያ ጽሑፌን ተውሳኝ ነበር። ማታ ደወለች፦ «እህቴ፣ ይሄ ሪፖርት የታለ?» አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት ነው። ሊንኩን ስትነካው 404! እኔ የጠቀስኩት ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ፣ ምንጩ ግን የለም። እሷ ያንን ቁጥር በምን አምና ትጥቀሰው? አማካሪዋስ ቢጠይቃት ምን ታሳይ?

እርግጥ 404 በራሱ ነውር አይደለም። ሰርቨሩ «እዚህ የለም» ብሎ እውነቱን መናገሩ ነው። ነውሩ ሌላ ነው። መርካቶ ሱቅ የቀየረ ነጋዴ በሩ ላይ «ወደ ማዶ ተዛውረናል» ብሎ ይለጥፋል። የድረ ገጽም ወረቀት አለው፦ 301 ይባላል። ገጹ ለዘለቄታው መዛወሩን ለአንባቢም ለጉግልም ይናገራል፤ የድሮው ገጽ በፍለጋ ያፈራው ስምም ወደ አዲሱ ይሻገራል። ጨርሶ የተሰረዘ ከሆነ ደግሞ 410 አለ፤ «ሄዷል፣ አትጠብቁት» ማለት ነው።

አንዳንዱ ባለሙያ ግን የጠፋውን ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሳል። ሪፖርት ብላችሁ የባለሥልጣን ፎቶ! ሌላው «ይቅርታ፣ አልተገኘም» ብሎ ይጽፍና ከጀርባ 200 ይልካል፤ «ሁሉ ሰላም ነው» እንደማለት። ጉግል ሁለቱንም የተሸፈነ 404 አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

የጠፋ ገጽ ላይ ምን ይቀመጥ? በአማርኛ አጭር ማብራሪያ፣ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ወደ ሰነዶች ዝርዝር የሚወስድ ሊንክ፣ ስልክ ቁጥር። በቃ። ከባድ ሥዕል አትጫኑበት፤ ቴፒ ላይ በሞባይል ካርድ የሚያነብ ሰው አለ።

ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ወገኖች፣ ቤት ከመቀየራችሁ በፊት የድሮ አድራሻዎቻችሁን ዝርዝር ያዙ። እኛ አንባቢዎችም የምንጠቅሰውን ገጽ በዌይባክ ማሽን እናስቀምጥ፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ። ለዚያች ተማሪ ሪፖርቱን እስካሁን እየፈለግንላት ነው። ኮፒው በእጁ ያለ ካለ ይላክልን።