ቀን ያለው ጥያቄ

የዲንሾን ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል። ፀሐይ ወጥታም ብርዱ አይለቅም። ሌሊቱን የወረደው አመዳይ እንደ ጨው ሜዳው ላይ ተነጥፎ ይቆያል። ከጽዱና ከኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ብቅ ብሎ የሰው ደጅ ይመለከታል፤ ከርከሮውማ ጭራሽ ጎረቤት ሆኗል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ባለው ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ደጃፌ ላይ መቀመጥ ልማዴ ነው። ታዲያ በተቀመጥኩ ቁጥር ሐሳቤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ አረጋዊ በጠየቁኝ ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። «መምህር፣ ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ነበር ያሉኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

አባቴ ጎባ ከተማ አቤቱታ ጸሐፊ ነበር። ጎባ ያን ጊዜ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከመሥሪያ ቤቶቹ ደጃፍ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ጠረጴዛ ነበረችው። ከሩቅ ወረዳ በፈረስና በበቅሎ የመጣው ባላገር ፊቱ ቁጢጥ ብሎ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ይተርክለታል። አባቴም ሁሉን ሰምቶ በሁለት ገጽ ይጽፍለታል። ዘመኑ ቀላል ዘመን አልነበረም። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደው የባሌ ገበሬዎች አመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘልቆ ገና መብረዱ ነበር። ከአመፁ መነሻዎች አንዱም የመሬትና የግብር ጣጣ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር አባቴ የሚሸጠው ወረቀት ምን ያህል እንደሚፈይድ እሱም አይጠፋውም። ቢሆንም አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር። «ልጄ፣ ከአቤቱታ ሁሉ ዋናው ቃሉ አይደለም፤ ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ነው። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ነፋስ የወሰደው ገለባ ነው።»

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። የአባቴንም ምክር እንደ ልጅነት ጨዋታ ረሳሁት።

በ1994 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በጀት በጥቅል እስከ ወረዳ ይወርድ ጀመር። እስከዚያ ወረዳ ማለት የበላይ ትእዛዝ ማስተላለፊያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን የወረዳ ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቅ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን ሪፖርት የሚሰማ አካል ሆነ። እኔም በዚያው ሰሞን በአንድ የደጋ ወረዳ (ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ባልጠራውም ታሪኩ የብዙዎች ነው) «ጽሑፍህ ያምራል» ተብዬ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተደረግሁ።

ጉባኤው በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል። ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ሪፖርት ያነባሉ፤ ከዚያ አባላት እጅ ያወጣሉ። ከእነዚያ እጆች መካከል የእኒያ አረጋዊ እጅ አይጠፋም። ገበሬ ናቸው፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። የቀበሌያቸው ቦኖ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሴቶቹና ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት ከወንዝ ወርደው ነው፤ መቼ ነው የሚጠገነው? ኃላፊው ይነሣና «የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በዕቅድ ይዘነዋል» ይላል። ጭብጨባ ይሆናል፤ ወደ ምሳ እንሄዳለን። በሚቀጥለው ጉባኤም እጁ ይወጣል፣ ጥያቄው ይነሣል፣ ዕቅዱም ይያዛል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከጉባኤ ማግስት አረጋዊው ወደ ቢሮዬ መጡ። ከጋቢያቸው እጥፋት የልጅ ደብተር ቅጠል አወጡ። የልጅ ልጃቸው የጻፈችው ነው። ቦኖውን የጠየቁባቸው ቀናት አንድም ሳይቀር ተደርድረዋል። ንግግራችን በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ የማቀርበው ፍሬ ቃሉን ነው።

«መምህር፣ ያንተም መዝገብ እንዲህ ይላል?» አሉኝ።

«ይላል እንጂ አባቴ፤ ይቀመጡ» ብዬ ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ገለጥኩ። በገዛ እጄ፣ ባማረው ጽሕፈቴ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከአባላት የተለያዩ ጥያቄዎች ተነሥተው በመድረኩ ምላሽ ተሰጥቷል።» ሁለተኛውን ቀን ገለጥኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ገለጥኩ፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ነው «መምህር፣ ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ያሉት።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት በማንም ትእዛዝ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ እንዲያ ስለጻፈ ጻፍኩ፤ ስለሚያሳጥርልኝም ጻፍኩ። ኃላፊው ቦኖውን አልሠራም፤ እኔ ግን ሰውየውን ከመዝገብ ፋቅኋቸው። የአቤቱታ ጸሐፊ ልጅ!

በዚያ ቀን ከመሳቢያዬ ወረቀት አወጣሁና አብረን ጻፍን። አረጋዊው ስለ ሴቶቹ ድካም፣ ስለ መንገዱ አዳላጭነት በሰፊው ሊያስጽፉኝ ፈለጉ። «አባቴ፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥያቄ ብቻ እንጻፍ» አልኳቸው። ሦስት ሆነ። አንደኛ፣ ለዚህ ቦኖ ጥገና ባለፈው ዓመት የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በምን ሥራ ላይ ዋለ? ሦስተኛ፣ ጥገናው በየትኛው ወር ያልቃል፣ ኃላፊነቱስ የማን ነው? ቀን ጻፍንበት፤ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር አሰጠሁት። አንዱን ቅጂ እሳቸው ያዙ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሆኖ ነው እንጂ በሌላው ዓለም የቆየ ሥርዓት ነው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመውን የስኮትላንድ ፓርላማ እንውሰድ። ከለንደኑ ማእከላዊ መንግሥት ሥልጣን ተከፍሎ የተሰጠው የክልል ምክር ቤት ማለት ነው። እዚያ አንድ አባል በፈለገ ጊዜ ለክልሉ መንግሥት ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል። መንግሥት በተለመደው ጊዜ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ጥያቄውና መልሱም ጎን ለጎን ታትመው ለሕዝብ ይወጣሉ። ተሸሽቶ የሚመለስ መልስ እዚያም ሞልቷል። ሽሽቱ ግን ከነቀኑና ከነፊርማው ይታያል። ሚኒስትር በቃል ሲጠየቅ በቀልድም በቁጣም ማምለጥ ይችላል፤ «ስንት ብር?» ተብሎ በወረቀት ሲጠየቅ ግን ወይ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ወይ ቁጥሩን አለመጻፉ ይጻፍበታል።

በእኛም አገር ሐሳቡ ፈጽሞ አልታጣም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ይል ነበር። ግን የሚጠየቁት ሊወጣ ስላለው ሕግ ነው፤ ያውም አብላጫው ድምፅ ሲፈቅድ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰፋ አድርጎታል። በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ተሰጠው። አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት አባላት ከጠየቁም ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ይወያያል። አንቀጽ 50 ደግሞ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል መሆኑን፣ ለዝቅተኛው እርከንም በቂ ሥልጣን መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል።

እኛ ዘንድ የክልሉ ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው። ጨፌ እርጥብ መስክ ማለት ነው፤ በገዳ ሥርዓት ሕዝብ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣበት፣ መሪውንም የሚጠይቅበት ቦታ። ያ ሁሉ በቃል ነበር። የገዳ ሥልጣን ግን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ይወጣል፤ ያጠፋም ከዘመኑ በፊት ሊሻር ይችላል። የዛሬው ጨፌ ኦሮሚያ ስሙን ወርሷል፤ ጥርሱን መውረሱ ላይ ነው ነገሩ። በ2002 ምርጫ 537ቱንም መቀመጫዎች ገዢው ፓርቲ ያዛቸው፤ በ2007ም እንዲሁ። እንግዲህ አባል የሚጠይቀው የገዛ ፓርቲውን አለቃ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ «ለምን?» ማለት ይከብደዋል። በወረቀት ግን «ስንት? መቼ?» ማለት ከተቃዋሚነት አይቆጠርበትም። ለደፋር ሰው መድረኩ ይበቃዋል፤ ፈራ ተባ ለሚለው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ወረቀቱ ይሻላል።

ሌላም ጥቅም አለው። የጽሑፍ ጥያቄ አድራሻ ይጠይቃል። ሥልጣን በተከፋፈለበት አገር አንዱ ትልቁ ችግር «ይህ እኔን አይመለከትም» የሚለው ነው። ይህችን ዲንሾን እዩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ወሰኑ በደንብ ተደንግጎ በሕግ የጸናው ግን በ2006 ነው። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። አስተዳደሩ አንድ ሰሞን በክልሉ እጅ ነበር፤ በኋላ ወደ ፌዴራል ተመለሰ። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ገብስ ግን የገበሬው ነው፤ ግብሩ የሚከፈለው ለወረዳ ነው፤ ከርከሮው ደግሞ ወሰን አያውቅም። አዝመራው በአንድ ሌሊት የተገለበጠበት ሰው ማንን ይጠይቅ? በቃል ከጠየቀ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል፣ ክልሉ ወደ ፌዴራል ይጠቁማል። ቁጥር ያለው ወረቀት ግን «አይመለከተኝም» የሚለውም መልስ ተጽፎ ይመጣለታል፤ ያንን ይዞ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል።

ወደ አረጋዊው ልመለስ። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ፤ አንድ ገጽ ነው። ለቦኖው ተይዞ የነበረው ገንዘብ ለሌላ «አጣዳፊ» ሥራ መዛወሩን፣ ጥገናው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት መተላለፉን ይገልጻል። ከሥሩ ስምና ፊርማ አለው። ሳነብላቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። «እንዲህ በል ታዲያ! ገንዘብ ነበረ ማለት ነው» አሉ። ለሦስት ዓመት «በዕቅድ ይዘነዋል» ሲባሉ ገንዘብ መኖሩን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሌሎች አባላት ያንን ወረቀት ተቀባበሉት። ገንዘቡን ያዛወረው ማን እንደሆነ፣ ምክር ቤቱ መፍቀድ አለመፍቀዱ ተጠየቀ። አዳራሹ ሞቀ፤ እኔም ስም ከነጥያቄው፣ መልስ ከነመላሹ ጻፍኩ። እጄ ዛለ። ቦኖው ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ቆይቶ ተጠገነ። ወረቀቱ ነው ያስጠገነው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። አረጋዊው ግን ውሃው ሲመጣ በሕይወት ነበሩ፤ እሱ ይበቃኛል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ በርም ተከፍቷል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። የምክር ቤት አባል መሆን አያስፈልግም። ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? ቡና ላይ ቁጭ ብለን መንግሥትን ስናማ የምናጠፋው ጊዜ ስንት ደብዳቤ ያስጽፍ ነበር!

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኔ የዚህን ተረት ትርጉም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ያ ትልቁ መዝገብ ዛሬም በዚያው መደርደሪያ ላይ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። የኋለኞቹ ገጾች ያኮሩኛል። የፊተኞቹን ግን ማንም ከፍቶ ቢያነብ፣ ባማረ ጽሕፈት «ምላሽ ተሰጥቷል» የሚል ያገኛል። ማን ጠየቀ? ምን ተባለ? አይታወቅም። በዚያ ሁሉ ቀን እጃቸውን ያወጡትን ሰዎች አሁን አንድ በአንድ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ከእኒያ አረጋዊ በቀር የአንዳቸውም ጥያቄ አይመጣልኝም።