ከሃያ ዓመት በኋላ የተከፈተው የሰርግ ካሴታችን

ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በጥር ወር 1997 ዓ.ም ነበር። ጌታ ረድቶን በጥር 2017 ዓ.ም ሃያ ዓመት ሞላን። ቀኑ ሲቃረብ፣ “ለዚህ ቀን ምን ላድርግልሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። ልብስ ወይም ወርቅ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ “የእማዬን ምርቃት አሳየኝ” አለችኝ።

እማማ ወደ ጌታ የሄዱት በ2003 ዓ.ም ነው። ፎቶግራፋቸው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሲንቀሳቀሱና ሲናገሩ የሚታዩት ግን በአንድ ቦታ ብቻ ነው። በሰርጋችን ዕለት ከሚዜዎቼ ጋር ሙሽራዬን ልወስድ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ፣ ከመውጣታችን በፊት ሁለታችንን አጠገባቸው አቁመው መርቀውናል። ካሜራ ባለሙያው አሳምሮ የሠራልን ዲቪዲ ከብዙ ዓመታት በፊት ተጫጭሮ አልነበብም ብሏል። የቀሩን ሦስት ሚኒ ዲቪ ካሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ ካሴቶቹን ገዝተን ያቀረብነው እኛ ስለነበርን ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ መለሰልን። ከዚያ ወዲህ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነበር።

እኔ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በሚዲያ አገልግሎት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። የእሑድ ስብከት እቀዳለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ። ስለዚህ በልቤ፣ “ይህማ የአንድ ቀን ሥራ ነው” አልኩ። ሥራው ግን ከአንድ ወር በላይ ወሰደብኝ። ይባስ ብሎም በቤታችን ቅሬታ አመጣ። ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት አንባቢዎችን በማሰብ ነው። አንደኛው እንደ እኔ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የሚደክም ሰው ነው፤ ሌላው ደግሞ ባለትዳር ነው።

የተሰነጠቀው እጅ

ሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገባው ፋየርዋየር በሚባል ገመድ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የዚህ ገመድ መሰኪያ ስለሌላቸው ከቤተ ክርስቲያን ቢሮ አሮጌውን ኮምፒውተርና ካሜራ ተዋስኩ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ምርቃቱ ያለበትን ካሴት ቀዳሁና ፋይሉን ወደ ላፕቶፔ አዛወርኩት። ለአሁኑ ቴሌቪዥን እንዲመች ብዬ ወደ ትልቁ መጠን፣ ወደ 1920 በ1080 ለጥጬ አወጣሁት። ላፕቶፔ ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ፋይል አጠፋሁት። ኮምፒውተሩንና ካሜራውንም መለስኩ።

በዚያው ምሽት ባለቤቴን ጠራኋት። እማማ ቀጥ ብለው ቆመው ሲታዩ ምስሉ ደህና ነበር። ለምርቃት እጃቸውን ሲያነሡ ግን እጁ በአግድም መስመሮች ተሰነጣጠቀ። ጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ መሰለ።

“የእማዬን እጅ ምን አደረግኸው?” አለችኝ።

“ካሴቱ አርጅቶ ነው” አልኩ። ይህን ስል እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን ብቻ ፈልጌ ነበር።

“ይሁን ግድ የለም፤ ድምፅዋን ብቻ ልስማው” አለች።

እኔም፣ “ሳይስተካከል አይታይም” ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ማታ ማታ ከኮምፒውተሩ ጋር ታገልኩ። መስመሮቹን ያጠፋል የተባለውን ሁሉ ሞከርኩ። አንዱም አልሠራም። ባለቤቴ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ ስክሪኑን እሸፍን ነበር። አንድ ምሽት ሻዩን አስቀምጣ ቆመችና፣ “አንተ የምታየው መስመሩን ነው፤ እኔ እናቴን ነው” አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እርሷም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቪዲዮው መጠየቅ አቆመች።

መስመሮቹ ከየት መጡ?

ነገሩን ስመረምር ካሴቱ እንዳላረጀ ተረዳሁ። የድሮው ቴሌቪዥን አንድን ምስል በአንድ ጊዜ ሙሉውን አያሳይም ነበር። በመጀመሪያ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን መስመር እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ከዚያ ተመልሶ የዘለላቸውን ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን ይሞላል። ካሜራዎቹም በዚሁ መንገድ ይቀርጹ ነበር። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል “ፊልድ” ይባላል። በአገራችን በተለመደው የፓል ሥርዓት ሙሉው ምስል 576 መስመር ሲኖረው አንዱ ፊልድ 288 መስመር ይይዛል። በሰከንድ 50 ፊልድ ይቀረጻል፤ ሁለት ሁለቱ ተጣምረው 25 ፍሬም ይሆናሉ። እንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ ኢንተርሌስድ ይባላል። ይህን ያደረጉት በከንቱ አይደለም። በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ማሰራጨት የአየር ሞገዱን ያጣብባል፤ 25 ብቻ ቢሆን ደግሞ ምስሉ ዓይን ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ግማሾች የተቀረጹት በአንድ ቅጽበት አይደለም። በመካከላቸው የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት አለ። የእማማ እጅ ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ግማሾች ልክ ይገጥማሉ። እጁ ሲንቀሳቀስ ግን አንደኛው ግማሽ እጁ የነበረበትን፣ ሁለተኛው እጁ የደረሰበትን ቦታ ይዟል። የኮምፒውተር ስክሪን ሁለቱን በአንድ ላይ ሲያሳያቸው ጥርሱ ይወጣል። ሁለቱም ግማሾች ያዩትን በትክክል ይዘዋል። ስሕተቱ የተለያየ ጊዜ የታየውን እንደ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ማሳየቱ ነው።

እኔ ደግሞ በዚህ ላይ የባሰ ሠራሁ። ፊልዶቹን ሳልለያይ ምስሉን ስለለጠጥኩት የአንዱ መስመር ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲያ የትኛው መስመር የየትኛው ፊልድ እንደሆነ የሚለይ ፕሮግራም የለም። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ሊጠገን ከማይችል ፋይል ጋር ነበር። መፍትሔው ወደ ካሴቱ መመለስ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

አብረን እንሂድ

አንድ ዓርብ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ “ካሴቱ አላረጀም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዋናውንም ፋይል አጥፍቼዋለሁ” አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። “ካሴቱ አለ አይደል? ነገ አብረን እንሂድ” አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ቢሮ ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ስከት እጄ ተንቀጠቀጠ። ምስሉ እንደ ጀመረ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ። ቴፑ ተጎድቶ ከሆነ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ አየኋት። ካሴቱን አውጥቼ የካሜራውን ሄድ በማጽጃ ካሴት ለጥቂት ሰከንዶች አጸዳሁ። ካሴቱን መልሼ ሳስገባው ምስሉ ጠራ።

ያን ጊዜ በካሜራዋ ትንሽ ድምፅ ማውጫ በኩል የእማማ ድምፅ ተሰማ። “ጌታ ይከተላችሁ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፤ ማዕዳችሁ አይጉደል።” ባለቤቴ ካሜራዋን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አለቀሰች። እኔ ግን አፈርኩ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ እችል ነበር። ካሴቱን ካሜራው ውስጥ አጫውቼ፣ “ነይ ስሚ” ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የጠየቀችኝም ይህንኑ ነበር።

ሦስቱ መንገዶች

ዲኢንተርሌስ ማድረግ፣ ማለትም ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ምስል መለወጥ፣ በሦስት መንገድ ይቻላል። ሦስቱንም አብረን ሞከርናቸው።

አንደኛው መንገድ አንዱን ፊልድ መጣል ነው። ጥርሱ ወዲያው ይጠፋል። ነገር ግን ከምስሉ ግማሹ ይሄዳል፤ የነጠላው ጥለት ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን ፊልዶች ማዋሐድ ነው። ይህም ጥርሱን ያለሰልሰዋል። ነገር ግን የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ጥላ ያወጣል፤ እማማ የደበዘዙ ሁለት እጆች ያሏቸው መሰሉ።

ሦስተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ፊልድ የራሱን ተራ መስጠት ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊልድ ለብቻው ሙሉ ምስል ያደርገዋል። የጎደሉትን መስመሮች ከአጠገባቸው ካሉት መስመሮችና ከፊትና ከኋላ ካሉት ፊልዶች ገምቶ ይሞላቸዋል። በዚህም 50 ፊልድ 50 ፍሬም ይሆናል፤ የተጣለም የተድበሰበሰም የለም። ያዲፍ የሚባለው ነጻ ማጣሪያ ይህን ይሠራል።

ሦስተኛውን ስንከፍት ባለቤቴ ድንገት፣ “ቆይ፣ መልሰው!” አለች። የእማማ ግራ እጅ በትከሻዋ ላይ አርፎ ነበር። በሁለተኛው መንገድ ያ እጅ የደበዘዘ ጥላ ብቻ ነበር። አሁን ግን ጣቶቻቸው በቀስታ ቸብ ቸብ ሲያደርጉ ታየ። “ልጅ ሆኜ ስታስተኛኝ እንዲህ ነበር የምታደርገኝ” አለችኝ። ይህን በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ነግራኝ አታውቅም። ምናልባትም አልጠየቅኋት ይሆናል።

ለሚዲያ አገልጋዮች

የድሮ የጉባኤ፣ የመዘምራንና የሰርግ ካሴቶች በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ። እኔ የተሳሳትኩትን ሌላው እንዳይደግመው ጥቂት ልበል።

የመጀመሪያውን ፋይል ፈጽሞ አታጥፉ፤ ቢቻል በሁለት ቦታ አስቀምጡት። ቪዲዮው ኢንተርሌስድ መሆኑን ለማወቅ እንቅስቃሴ ባለበት ቦታ አቁማችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ብታበሩ መስመሮቹ ከስክሪኑ ይጠፋሉ፤ ይህ ግን ፋይሉን አይለውጠውም። መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ አድርጉ፤ መጠን መቀየር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የፊልድ ቅደም ተከተልም አለ። በሚኒ ዲቪ የሚቀድመው የታችኛው ፊልድ ነው፤ በኤችዲቪ 1080 መስመር ቪዲዮ ደግሞ የላይኛው ይቀድማል። ፕሮግራሙ ተራውን ካዛባው የሚራመድ ሰው ወደ ፊት አንድ፣ ወደ ኋላ አንድ እያለ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ካያችሁ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። የድሮው ምስል 4 ለ3 ስለሆነ ሰፊውን ስክሪን ለመሙላት ብላችሁ የሰው ፊት አትለጥጡ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ምንም አይደለም። በመጨረሻም ሰዓት ሙሉ ከመሥራታችሁ በፊት እንቅስቃሴ ያለበትን አሥር ሰከንድ ብቻ ሠርታችሁ ፈትኑ።

ለእኛ ለባለትዳሮች

ባልና ሚስት ለፎቶ ቆመው ሲታዩ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ኑሮ ሲንቀሳቀስ ግን፣ ሥራ ሲለወጥ፣ ልጅ ሲታመም፣ ወላጅ ሲሞት፣ ጥርሱ ይወጣል። አንድ ቤት ሆነን ያንኑ ነገር እያየን እንኳ እኩል ቦታ ላይ አንገኝም። እኔ እማማን ከቀበርን በኋላ ኀዘኑ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ገና እዚያው ነበረች። ሁለታችንም አልዋሸንም።

እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን አንደኛውን መንገድ እንመርጣለን፤ አንዱ ዝም ይላል፣ ቤቱም ሰላም ይመስላል። ሌሎቻችን ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ነገሩን አድበስብሰን እናልፈዋለን፣ የሁለታችንም ስሜት ግን ጥላ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፍ ቅዱስ ባልና ሚስትን አንድ የሚያደርጋቸው አንዱን በመጣል አይደለም። ያዕቆብም በመልእክቱ መስማትን ከመናገር ያስቀድማል። ለእያንዳንዳችን ተራ መስጠት፣ የጎደለውንም በፍቅር መሙላት ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያሳየን ግን ያላየነውን ነው።

አሁን ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልካችንን ዘግተን ጥቂት ደቂቃ እንቀመጣለን። መጀመሪያ እርሷ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ከዚያ እኔ እናገራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልንም። አንዳንድ ቀን ተራውን አዛባለሁ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ምንም ሳትናገር እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቸብ ቸብ ታደርገኛለች፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።